ከሰው ትሪ የማትበላው መስኡዳ

እኔ ኑርዬ እባላለሁ፤ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት የማድል ሰው ነኝ። ሥራዬን አልጠላውም። የምጠላው ግድግዳውን ነው። የእኔን ክፍል ከላቦራቶሪው የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ድምፅም ሽታም አያስቀር። መሐሉ ላይ ዕቃ የሚሰጡበት፣ ውጤት የሚቀበሉበት ብለው መስኮት ቀደውበታል። ጭራሽ መስኮት!

ሰው ጠዋት በሰላም ቁርሱን በልቶ ሥራው ይገባል። እኔን የሚቀበለኝ የአገሩ ሁሉ ሆድ ነው። በክብሪት ቀፎ ይመጣል፣ በሻይ ብርጭቆ ይመጣል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል። የሚሰጣቸውን ክዳን ያለውን ዕቃ ለበርበሬ ማስቀመጫ አስቀርተው በሌላ ነገር ያመጡታል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ በማር ብልቃጥ አመጡ፤ ሞልተው ነው የምላችሁ፣ እስከ አፉ! የባቄላ ፍሬ ያህል ይበቃ ነበር እኮ። እንዳይፈስ ብለው መንገዱን ሁሉ ሁለት እጃቸውን ይዘውበት መጡና፣ በዚያው እጅ ሰላም አሉኝ።

የዚህ ሁሉ ባለቤት መስኡዳ ናት። የላቦራቶሪ ባለሙያችን። ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጭ ጋዋኗ ላይ አንዲት ነጠብጣብ የማይታይባት ሴት። ጓንቷን አውልቃ እጇን ስትታጠብ ያየ ሰው ቆዳዋን ልትገፈው ነው እንዴ ይላል። አሁን የምነግራችሁን ደግሞ ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ ይህች ቀኑን ሙሉ የሰው ሰገራ በስንጥር ስትበጠብጥ የምትውል ሴት፣ እንደ እሷ ያለ ተጸያፊ በምድር ላይ አልተፈጠረም። ወላሂ አልተፈጠረም! ዝንብ ያረፈበትን አትበላም፣ ሰው በጠጣበት አትጠጣም፣ ስልኳን የነካባት ሰው ካለ በአልኮል ስትወለውለው ነው የምትውል። እኔ ራሴን ተጸያፊ አድርጌ የምቆጥር ሰው ነበርኩ። እሷን ካየሁ በኋላ ግን ዝም አልኩ።

እንዴት እዚህ ሥራ ውስጥ ገባች? ምደባ ነዋ። የሐይቅ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ እየሸጠች ነው ያሳደገቻት። መስኡዳ የዓሣ ሆድ ዕቃ ስትዘረግፍ አደገችና እስከ ዛሬ ዓሣ በአፏ አልዞረም። ሐሳቧ ልብስ ስፌት ነበር፤ ጨርቅ አይሸትማ። ደሴ ኮሌጅ ስትገባ ላቦራቶሪ ደረሳት። የሰገራ ምርመራ ያዩ ዕለት የአስተማሪው ጫማ ላይ አስታወከች። ሻንጣዋን ሸክፋ ልትመለስ ስትል፣ ሰውዬው ጫማቸውን እየጠረጉ «ከመሄድሽ በፊት እስኪ አንዴ እይና ሂጂ» አሏት። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኗን አደረገች። አንዲት ብርሃን የሞላባት ክብ ቦታ አየች፤ በብርሃኑ ውስጥ እየተገለባበጠ የሚዋኝ ነገር አየች። ሽታው ጠፋ።

«እዚያ ውስጥ ስገባ ምንም አይሸተኝም፤ ቀና ስል ነው የሚሸተኝ» ትላለች። ችግሩ ሰው ዕድሜ ልኩን አቀርቅሮ አይኖርም። ቀና ባለች ቁጥር ያየችውን ይዛው ነው የምትነሣው። ሰው እጅ ላይ ታየዋለች፣ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ታየዋለች።

በዚህ የተነሣ ከሰው ትሪ አትበላም። ወሎ ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ አለመብላት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስድብ ነው፤ ያውም የእናት ስድብ። ሠርግ ትጠራለች፣ አምራ ትሄዳለች፣ ትሪው ሲቀርብ «ጾመኛ ነኝ» ትላለች። በዒድ ቀን ሳይቀር ጾመኛ ነኝ ብላለች፤ በዒድ ቀን ደግሞ መጾም ሐራም መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ለልጃቸው ሊያጯት የመጡ ደህና ሰዎች ነበሩ፣ የሐይቅ ነጋዴዎች። የልጁ እናት ቤታቸው ጠርተው በእጃቸው ሊያበሏት ሲሉ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ነገር አየችና አፏን ግጥም። አለቀ፣ ኒካሁ ቀረ። «ኮራችብን» አሉ። የትኛው ኩራት! እኔ እንኳ አዘንኩላት። ቤቷ ሄዳ ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጦ ሥራ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ግን በከተማው ስሟ ኩራተኛዋ ሆኖ ቀረ።

ሐኪማችን ዝናው የአምባሰል ልጅ ነው፤ ምንም ነገር ምግቡን የማይዘጋበት ሰው። አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ እኔ እርጎዬን ይዤ ቁጭ ባልኩበት፣ ነገር ሊቆሰቁስ፣ «መስኡዳ፣ እስኪ ለኑርዬ ባክቴሪያንና አሜባን የሚለያቸውን ንገሪው፤ ለሚያድለው መድኃኒት ይጠቅመዋል» አላት።

«አቦ ተወኝ፣ ተምሬዋለሁ!» አልኩት።

መስኡዳ ግን አንዴ ከጀመረች የሚያስቆማት የለም። «ሕዋሱን ቤት ነው በል» አለች። «የባክቴሪያ ሕዋስ ጓዳ የሌለው ጎጆ ነው። ያለው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ነው የተዘረገፈው። የዘር ክሩ መሐል ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ የሚከልለው ሽፋን የለም። ውጭውን ግን ግድግዳ አለው። አሜባና ጃርዲያ እንደ እኔና እንደ አንተ ሕዋስ ጓዳ አላቸው። የዘር ክራቸው አስኳል ውስጥ ተከልሎ ነው የሚቀመጥ። መጠናቸውም አይገናኝም፤ ባክቴሪያው አሜባዋ አጠገብ ቢቀመጥ በግ አጠገብ እንዳለ መዥገር ነው። ግድግዳ ስለሌላት አሜባ እንደ ቀጠነ ሊጥ እየፈሰሰች ነው የምትሄድ። የደም ሕዋስ ስታገኝ ከብባ ትውጠዋለች። ጃርዲያ ደግሞ አስኳሏ ሁለት ነው፤ ዓይኗን አፍጥጣ የምታይህ ነው የሚመስልህ።»

«ፈንገስስ?» አለ ዝናው፣ ዳቦውን እየገመጠ።

«ፈንገስ ጓዳም ግድግዳም አለው። ሻጋታውም እርሾውም።»

«ቫይረስስ?»

«እሱ ከነጭራሹ ቤት የለውም። ሕዋስም አይባል። ሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ በሰው ምጣድ፣ በሰው ሊጥ የሚጋግር ነው። ከሕዋስ ውጭ ሲሆን ደግሞ ሕይወት አለው ብለህ እንኳ ለመናገር ይቸግርሃል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መድኃኒቱም እንደ ቤቱ ነው። የአሜባዋ መድኃኒት ያንን ደም የሚያስቀምጠውን ባክቴሪያ አይነካውም፤ የባክቴሪያው ደግሞ ቫይረሱን አያውቀውም። አገሩ ሁሉ ሆዴን ባለ ቁጥር ፍላጅል የሚውጠው ለምንድነው? ከረሜላ ነው እንዴ?»

«ጨረስሽ?» አልኳት።

«ያ የያዝከውም በባክቴሪያ የተሞላ ነው» አለች፣ እርጎዬን በአገጯ እያሳየች። «ደጋጎቹ ናቸው እንጂ።»

አስቀመጥኩት። ዝናው ወስዶ ጠጣው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እርጎ አልቀመስኩም ነበር።

ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም፤ የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነው። በእኛ አካባቢ አንድ ቤት ሰው ሲታመም የሚመጣው ሰገራ የማን እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። በሽተኛው ደክሞት ከሆነ ወይም ካፈረ፣ ጤነኛው ይወክለዋል። ወንድም ለእህቱ፣ ሚስት ለባሏ። «ከአንድ ትሪ ነው የምንበላ፣ ሆዳችን አንድ ነው» ይላሉ፤ ሲናገሩት ደግሞ ኮራ ብለው ነው። በእርግጥ ፍቅር ነው። ግን እናንተዬ፣ በፍቅር እንዲህ ይቀለዳል? ስለዚህ መስኡዳ ገና ዕቃውን ሳትቀበል ነው «የማን ነው?» የምትለው። ሰው ይቀየማታል። «ሰርቄ ያመጣሁ መሰለሽ እንዴ!» ያላት ሴት ነበረች።

ሒክማ የመጣችው ክረምቱ ወጥቶ፣ ዝናቡ ቆሞ ዝንቡ የበዛ ጊዜ ነው። አርዲቦ ዳር ካለ መንደር የመጣች ወጣት እናት ናት። ልጇ ሪታጅ ገና ጡት ከተወች ብዙም አልሆናት። የሞቱት ወንድ አያቷ ሰደቃ ተበልቶ በማግስቱ ያዛት፤ ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ ከዚያ ንፍጥ የመሰለ ነገር ከደም ጋር። ሒክማ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ልጅቱን ግን አላመጣቻትም። በክብሪት ቀፎ፣ ክብሪት ቀፎውን በጨርቅ ቋጥራ፣ ያንን ነው ያመጣችው።

«ልጅቱስ?» አላት ዝናው።

«ከቤት አትወጣም። አማቴ ከለከለችኝ፣ ዓይን ይጥላታል ብላ። እባክህን የሆድ መድኃኒቱን ስጠኝና ልሩጥ።»

መስኡዳ «የማን ነው?» ስትላት «የሪታጅ» አለች። ገባች። ጥቂት ቆይታ በመስኮቷ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ጃርዲያ» አለች። ዝናው እስክሪብቶውን አነሣ፤ ለጃርዲያ የሚታዘዘው ያው ፍላጅል ነው፣ እኔም ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። መስኡዳ ግን አንገቷን አልመለሰችም።

«ኑርዬ፣ እንዳትሰጣት!»

«ለምን?»

በበሩ ዞራ መጣችና ሒክማ ፊት ቆመች። «እህቴ፣ ይኼ የሪታጅ አይደለም።»

«ወላሂ...»

«አትማይ። ደም ያስቀምጣታል አላልሽኝም? እዚህ ውስጥ አንድም የደም ሕዋስ የለም። መግል የለም። ያለችው ጃርዲያ ናት፤ እሷ ደግሞ ሆድ ትነፋለች፣ ታስገሳለች እንጂ ደም አታመጣም። ይህን የሰጠሽ ልጅ አሁን ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወተ ነው።»

ሒክማ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች። «የሙስዓብ ነው» አለች፤ የሪታጅ ታላቅ ወንድም ነው። «የእሷን አማቴ ጉድጓድ እየቆፈረች ትቀብረዋለች። ደሟን ባዕድ ካየው ትሞታለች ትላለች። ምን ላድርግ? ሆዳቸው አንድ ነው ብዬ...» እያለች ማልቀስ ጀመረች።

በዚያን ጊዜ የሁላችንም ሆድ ባባ። ጃርዲያው የሙስዓብ፣ መድኃኒቱ ለሪታጅ፣ ሪታጅን የያዛት ደግሞ ምን እንደሆነ ያየ ሰው የለም። ዝናው አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ትናንሽ ልጆች በዚህ ዓይነት ነገር ውኃቸው አልቆ ለመሞት ጊዜ አይፈጅባቸውም» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሒክማ እንዳትሰማው።

መስኡዳ የማን ቤት እንደሆነች ሒክማን ጠየቀቻትና ጋዋኗን አወለቀች። «አማቷ እማማ ሐቢባ በእናትህ በኩል ዘመድህ አይደሉም?» አለችኝ። «ተነሥ!»

ባጃጅ ይዘን ወረድን። የአርዲቦን ውኃ ከሩቅ ያየ ሰው ሱብሃነላህ ይላል። ቀርባችሁ እዩት እስቲ። ከብቱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይጠጣል፣ እየጠጣ ጭራውን ያነሣል፣ ከእሱ ፈቀቅ ብላ አንዲት ልጅ ጀሪካን ትሞላለች። መስኡዳ ፊቷን አዞረች። እኔም አዞርኩ። ሰደቃው ምን ውኃ እንደተጠጣበት መጠየቅ አላስፈለገንም።

ቤቱ ጥሩ ቤት ነው፣ የደህና ገበሬ ቤት። ዝንቡ ግን! ስንገባ ከበሩ መቃን ላይ ብድግ አለና ፊታችን ላይ ሰፈረ። በስተ ውስጥ በኩል በመጋረጃ የተከለለ መደብ አለ፤ ሽታው ከዚያ ነው የሚመጣ። ያን ሽታ እኔ አውቀዋለሁ፣ ዓመታት በኮምፔንሳቶ በኩል ሸትቶኛል፤ ይኼኛው ግን የደም ነገር አለበት፣ ብረት ብረት ይላል። እማማ ሐቢባ ከመጋረጃው ጀርባ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ።

«እንዴት ዋልክ የኔ ልጅ! እናትህ ደህና ናት? ከብቱ ደህና ነው? ቤቱ ደህና ነው? አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግቡ ተቀመጡ።» ያንን የጠረጉትን እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ። ከዚያ፣ አያችሁ፣ ምንም ሳይቆዩ፣ ትሪ አቀረቡና ቂጣ በእርጎ ይፈተፍቱ ጀመር። በዚያው እጅ። እርጎው በጣቶቻቸው መሐል ሲወጣ እያየሁ በልቤ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ።

«እማማ» አለች መስኡዳ፣ «ልጅቱ ታማለች ብለውን ነው የመጣነው። መጀመሪያ እሷን እንያት።»

«መጀመሪያ ቅመሱ።»

«አይቆጡኝና እጅዎን በሳሙና...»

የእማማ ሐቢባ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺን አወቅኩሽ። የዚያች የዓሣ ሻጭ ልጅ አይደለሽም? ሰው ቤት የማትበይው! በዒድ ጾመኛ ነኝ ያልሽው!»

መስኡዳ ወደ መጋረጃው ተመለከተች።

«ስሚኝ ልጄ። ባሌን ከቀበርኩ ገና አፈሩ አልደረቀም። አሁን ደግሞ እሷን ይዟታል። እኔን የሚጸየፍ ሰው እሷን በምን ልቡ ያሽራታል? ከትሪዬ ካልበላሽ መጋረጃዬን አትከፍቺም። ያው መንገዱ!»

ሒክማ አማቷ ፊት ድምፅ የላትም፤ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ትነክሳለች። እኔ ዘመዳቸው ነኝና ለመንኩ፣ በነቢ አልኩ፣ በእናቴ አልኩ። ወይ ፍንክች! እንደ አህያ ድርቅ አሉ። ተናድጄ ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ። «ውኃ» አለ። የልጅ ድምፅ አይመስልም፤ የደረቀ ነገር ነው።

መስኡዳ ወደ እኔ ዘንበል አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «ኑርዬ፣ እዚያ ፍትፍት ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! እኔ መልኩን አውቀዋለሁ።»

ተቀመጠች። ከማሰሮው ውኃ አስቀድታ እጇን ታጠበች፣ ውኃው ከየት እንደተቀዳ እያወቀች። ቢስሚላህ አለችና ከፍትፍቱ አነሣች። አፏ ውስጥ ገባ። ማኘኩንስ አኘከችው፤ መዋጡ ነው እምቢ ያላት። ጉሮሮዋ ወደ ላይ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። እማማ ሐቢባ አፏን አይደለም የሚያዩት፣ ጉሮሮዋን ነው። ዋጠች። «ድገሚው» አሉ። ደገመች። እኔስ? እኔን የሚያስቀረኝ ማን ነው! በላሁ። እርጎው ለብ ያለ ነበር፤ ይህን አልረሳውም፣ ለብ ያለ ነበር። ቂጣው ጥርሴ ላይ ሲለጠፍ ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

እማማ ሐቢባ ፊታቸው ፈታ አለ። ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። «አሁን የቤት ሰው ነሽ» አሏት። «ግቢ፣ ውሰጃት።»

መጋረጃው ተከፈተ። ሪታጅ ተኝታለች፤ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዝንቡ አፏ ዳር ሰፍሮ እሱን ለማባረር እንኳ እጇን አታነሣም። መስኡዳ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ የተቆነጠጠው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ከሥሯ ያለው ጨርቅ... ይቅርባችሁ። የዚያን ጨርቅ ነገር እስከ ዛሬ ስበላ ትዝ ይለኛል። መስኡዳ በጨርቁ ጠቅልላ አቀፈቻት፣ ደረቷ ላይ፣ ንጹሕ ቀሚሷ ላይ። እኔ ይዤ በመጣሁት ንጹሕ ውኃ ኦአርኤሱን፣ የተቅማጡን ዱቄት፣ በጥብጬ፣ ሒክማ ባጃጁ ውስጥ በማንኪያ በማንኪያ እያጠጣቻት ወጣን። መንገድ ላይ እንደገና አስቀመጣት። መስኡዳ ላይ።

ዝናው ግሉኮሱን ሲያያይዝላት መስኡዳ ትኩሱን ይዛ ገባች። እኔን ጠራችኝ። «ና እይ» አለች። አልፈልግም ልላት ነበር፣ ፊቷን ሳይ ግን ማይክሮስኮፑ ላይ አቀረቀርኩ። ብርሃኑ ውስጥ የደም ሕዋሶች እንደ ተበተነ ምስር ሞልተዋል፤ በመሐላቸው ተለቅ ተለቅ ያሉ፣ አስኳላቸው የተቆራረጠ፣ እየተጋፉ የተከማቹ አሉ።

«እነዚህ መግል ናቸው፤ የራሷ ወታደሮች» አለች። «አሜባ ብትኖር ስትፈስ፣ የደም ሕዋስ ውጣ አያት ነበር። ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ፣ የለችም። ይኼን ያደረገው ያ ጓዳ የለሹ ነው፣ ባክቴሪያው። በዚህ መነፅር ስሙን ልነግርህ አልችልም፤ ሥራውን ግን ይኸው።» ከዚያ ሮጣ ወጥታ ከጓሮ አስታወከች።

ዝናው ሲፕሮ የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት አዘዘ። እኔ ክኒኑን ለልጅቱ ክብደት በሚሆን ከፍዬ አደቀቅኩት። በማግስቱ ደሙ ቀነሰ። ከዚያ ልጅቱ አለቀሰች፤ እውነተኛ የልጅ ለቅሶ፣ እንባ ያለው። እንባዋን ሳይ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ዓይኗ እየተመለሰ፣ ቆዳዋ እየተመለሰ፣ ኋላ አልጋው ላይ ተቀምጣ ብስኩት አምጡ ብላ የምትጮህ ሆነች። «ሒክማ ያን ዕለት ፍላጅሉን ይዛ ተመልሳ ቢሆን» አለ ዝናው፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ።

መስኡዳስ? ያዛታ! ምን ይቀራል። ፊቷ አመድ መስሎ፣ ዕቃዋን በሶፍት ጠቅልላ ወደ ክፍሏ ስትገባ በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁና «የማን ነው?» አልኳት።

«ኑርዬ፣ እደፋብሃለሁ!» አለችኝ። የራሷን ራሷ መረመረች። ለሌላ ሰው አታምነውም። ሲፕሮዋን ወስዳ ቤቷ ተኛች። እኔን ምንም አልነካኝም፤ ለምን እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው።

ስትመለስ የጠበቃትን ወሬ ግን አትጠይቁኝ። እማማ ሐቢባ በገበያው ቀን ሐይቅ ወጥተው ላገኙት ሰው ሁሉ አውርተዋል። «መድኃኒቱማ ሰበብ ነው። ልጄን ያሻራት መስኡዳ ከትሪዬ መብላቷ ነው። እንደበላች ነው ልጅቱ ዓይኗን የገለጠች!» ብለዋል።

«ከትሪው ነው እኮ በሽታው የመጣ!» ብላ ጮኸች መስኡዳ። «ባክቴሪያ ነው! ሲፕሮ ነው! እጅ በሳሙና ነው!» ዝናው በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እኔ አልሳቅኩም፤ የሚመጣው ታይቶኝ ነበር።

መጣ። አንድ ጠዋት ሱረያ የምትባል የእማማ ሐቢባ ጎረቤት ሕፃን አዝላ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ በእኔ ክፍል በኩል መስኮቱ ላይ ቆመች። ሕፃኑ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ወድቋል፤ በሕይወት መኖሩ ሲተነፍስ ብቻ ነው የሚያስታውቅ።

«የማን ነው?» አለች መስኡዳ።

«የራሱ የበሽተኛው» አለች ሱረያ። «አሁን እዚሁ በር ላይ የወጣ። እማማ ሐቢባ የሌላ ሰው ይዘሽ ብትሄጂ ታውቅብሻለች ብለውኛል።»

መስኡዳ እጇን ልትዘረጋ ስትል ቆመች። በዓመታት ሥራዋ እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ አታውቅም። የተሰጠ ዕቃ፣ ክዳኑ የገጠመ፣ ትኩስ፣ ሳይጠየቅ የበሽተኛው የራሱ። ዓይኗ በራ፤ ወላሂ ሲበራ አየሁ።

ሱረያ ግን ፌስታሉን አለቀቀችም። «መጀመሪያ ቅመሽልኝ» አለች። ከዚያው ፌስታል ውስጥ፣ ከዕቃው ሥር፣ በቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ አወጣች። አንድ ፌስታል ውስጥ! ጎን ለጎን! ቅጠሉ ላይ ምን እንደሆነ የማላውቀው እርጥበት አለ።

«ሱረያ» አልኳት፣ «መድኃኒቱን ሳትበላም እንሰጥሻለን እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ሴትዮዋ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ግን ይሄ የመጀመሪያ ልጄ ነው። እባካችሁ።»

መስኡዳ ሕፃኑን አየች። ዳቦውን አየች። ዕቃውን ተቀብላ አስቀመጠች፣ እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ከዳቦው መሐል፣ ቅጠሉ ካልነካው በኩል ቆረሰች። ቢስሚላህ አለችና ዋጠች፤ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ የተረፈውን በመስኮቱ አሾልካ ለእኔ ሰጠችኝና ስንጥሯን አነሣች።

«ኑርዬ» አለች፣ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «አንተም ብላ። ሴትዮዋ እያየችህ ነው።»

ቀና አልኩ። ሱረያ ጉሮሮዬን ነው የምታየው። በላሁ።